እንከን የሌለው መስገጃ

በሉ ጀማዓ፣ ዛሬ የማወራችሁ ታሪክ ገና ከመነሻው ግራ ያጋባል። ውሸት የሌለበት የማታለል ታሪክ ነው። "እንዴት ሆኖ?" የሚል ካለ፣ ወላሂ እኔም ስንት ጊዜ አሰብኩት። ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት ነው፤ ባገላበጥኩት ቁጥር ይበልጥ ይተበተብብኛል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ፤ መጨረሻ ላይ የገባው ሰው ካለ ለኔም ያስረዳኝ።

አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "የኛ አገር ሰው እንዲህ አያደርግም" ብሎ የሚጣላኝ አይጠፋም። ከተራራ ስር ያለች፣ መስጊዷ ከገበያዋ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ አዛን ሲሰማ ነጋዴው ሚዛኑን አስቀምጦ የሚነሳባት ከተማ ናት። በዚያች ገበያ አንድ ልማድ ነበር። ሻጭ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት እጁን እንከኑ ላይ ያሳርፋል። በግ የሚሸጥ ሰው በጉ የሚያነክስበትን እግር ይይዛል። ጋቢ የሚሸጥ ፈትሉ የሳሳበትን ቦታ በመዳፉ ይነካል። ገዢውም "እንከኑን ይንኩልኝ" ይላል፤ ሻጩ እንከኑን ካልነካ ገዢው ኪሱን አይነካም። መሐላ አያስፈልግም፣ ወሬ አያስፈልግም፣ እጅ ብቻ ነው። አጀብ ነው! ዛሬ በሬዲዮ ስለ አንድ ሳሙና ሲለፈፍ ስሰማ፣ የዚያች ከተማ ሰው ቢሰማው ኖሮ "እሺ፣ እጁ የታለ?" ብሎ ሬዲዮውን ከኋላው ይፈትሸው ነበር እላለሁ።

በዚያች ገበያ ጨርቅና መስገጃ የሚሸጡ ሐጂ ኑርሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እንከን በመንካት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ገዢው ባያየው እንኳ እሳቸው ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዘው ወጥተው እስኪያገኙት ይፈልጉታል። ደንበኛ ሰልችቶት "ኧረ ሐጂ ይብቃዎት፤ እንዲሁ ልግዛዎት" ሲላቸው "ቆይ፣ የሰው ሥራ ነው፤ መቼም አይጠፋውም" ይላሉ። ሀብታም አልነበሩም። ባለቤታቸው ሐጃ ሐሊማት በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ ሐጂ እጃቸውን ይዘው እየመሩ አኖሯቸው። ሐጃ ከሞቱ ወዲህ ሐጂ ብቻቸውን ናቸው። ከሱቁ ጓዳ ባለች ጠባብ ክፍል ያረጀች የፍየል ቁርበት አንጥፈው ይሰግዳሉ። ዱዓ ሲያደርጉ ድምፃቸው አይሰማም። ሰው ግን ያውቃል፤ የታመመም የተቸገረም "ሐጂ፣ በዱዓዎ አይርሱኝ" ሳይላቸው አያልፍም።

ጉልበታቸው እየደከመ ሲሄድ የእህታቸውን ልጅ ፈቱዲንን ከወደብ ከተማ አስጠሩት። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ይሰግዳል፣ ይጾማል፣ አጎቱን እንደ አባቱ ይወዳል። ወደብ ላይ ከትልልቅ ነጋዴዎች ጋር ኖሮ ግን አንድ ነገር ተምሮ መጥቷል፦ ዕቃ መሸጥ ሌላ ነው፣ ሰው እንዲገዛ ማድረግ ሌላ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ፈቱዲን ከወደብ መስገጃ አስመጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማሻአላህ የሚያሰኝ መስገጃ ነው። ወፍራም ነው፣ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ አይለቅም። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ወደ ብርሃን አውጥተው አገላበጡት፤ ክር በክር ዳሰሱት፤ አሸተቱት። ምንም የለም። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

"ይሄን ታዲያ ምኑን ልነካ ነው?" አሉ ግራ ገብቷቸው።

ፈቱዲን ሳቀ። "አጎቴ፣ እንከን ከሌለው ምን ይነካል? ይተዉታ!"

ልክ ነው እንዴ? ልክ ይመስላል። ሐጂም ተዉት።

ቀጥሎ ፈቱዲን አንዱን መስገጃ ከሱቁ ደጅ አነጠፈ። "ጓዳው ይጨልማል፣ ብርድም አለው። ጉልበትዎ ታሞ በዚያ ደረቅ ቁርበት ላይ ሲሰግዱ ሳይ አንጀቴን ይበሉታል። እዚህ ፀሐይ አለ" አላቸው። እውነቱን ነው፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ጓዳውም ብርድ ነው። "አላህ ይውደድህ ልጄ" ብለው መረቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ደጃፍ፣ በአዲሱ መስገጃ ላይ ይሰግዱ ጀመር፤ ከሰገዱም በኋላ ተስቢሓቸውን እየቆጠሩ እዚያው ይቀመጣሉ።

ፈቱዲን ደግሞ ለሚገባ ሁሉ ቴምር ይሰጥ ጀመር። ሐጂ "ሰደቃ ነው" ብለው ወደዱት፤ ሰደቃም ነው። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ የሰው ቴምር አፍህ ውስጥ እያለ "አይ፣ አልገዛም" ብለህ ትወጣለህ? ይሉኝታ የት ሄዶ! ቴምሩን የበላ ሰው ቢያንስ መስገጃውን ይዳስሳል። የዳሰሰ ዋጋ ይጠይቃል። ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን መውጣት ደግሞ ያሳፍራል።

ጓደኞቹንም ሰብስቦ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። እዚህ ላይ ሐጂ ነቁ። "ሳይገዙ ዋጋ የሚያንሩ ከሆነ ነጀሽ ነው፤ ሐራም ነው" አሉት። "ኧረ አጎቴ! ዋጋ መች ይጠራሉ፤ ተቀምጠው ይጫወታሉ እንጂ። ሰው የሌለበት ሱቅ ያስፈራል" አለ። እውነትም ዋጋ አልጠሩም። ግን ሰው ተሰብስቦ ያየ መንገደኛ "ምን ተገኘ?" ብሎ አንገቱን ያሰግጋል። እኛስ ብንሆን፣ ሰልፍ ካየን ለምን እንደሆነ ሳንጠይቅ ከኋላው እንቆም የለ!

መስገጃውን ደግሞ ጓዳ ከምሮ ከፊት የሚያኖረው ጥቂቱን ነው። ገዢ ሲያመነታ "እዚህ ያለው ይኸው ነው" ይለዋል። እዚህ ያለውማ ይኸው ነው፤ ሌላው እዚያ ነዋ! ለፋፊም ቀጠረ። ለፋፊው ጠዋት ጠዋት "የሐጂ መስገጃ! የሐጂ መስገጃ!" እያለ መንደሩን ይዞራል፤ ሌላ ቃል የለውም። ልጆች ተቀባብለው ዘፈን አደረጉት፤ ወንዝ ወርዶ ልብስ የሚያጥበውም ሳያስበው ያንጎራጉረዋል። ሐጂ ሰሙና "ለምን የኔ ይባላል?" አሉ። "ሱቁ የማን ነው? የእርስዎ። መስገጃውስ? የእርስዎ" አላቸው ፈቱዲን።

አስተግፊሩላህ፣ ሁሉ ነገር ልክ ነው! እኔን የሚያበግነኝ ይሄው ነው። አንድ አንዱን ሳየው ልክ ነው፤ ሁሉን አንድ ላይ ሳየው ደግሞ... ተዉኝ እስቲ፣ ልቀጥል።

በዚያች ከተማ ሙሉካ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ጀውሃር ይባላል። ሥራ ፍለጋ ባሕር ተሻገረና ወሬው ጠፋ። መንገደኛ በመጣ ቁጥር ሄዳ ትጠይቃለች፤ ያየው የለም። ሀብቷ አንዲት የምትታለብ ላም ናት፤ በላሟ ወተት ነው የምትኖረው። ማታ ማታ፣ ባሏ በተወላት ቁርበት ላይ ተደፍታ ለልጇ ዱዓ ታደርጋለች።

አንድ ቀን በሱቁ ደጅ ስታልፍ ሐጂ ግንባራቸውን መስገጃው ላይ ደፍተው ሱጁድ ላይ ነበሩ። ቆማ አየቻቸው። ፈቱዲን ቴምር ይዞ ወጣና "ግቢ እንጂ እትዬ" አላት። ገባች። ያላትን ልንገራችሁ፤ ልብ ብላችሁ ስሙ። "ሐጂ የሚሰግዱት በዚህ መስገጃ ነው" አላት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "የሐጂን ዱዓ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ" አላት። ዝም አለ። እሷ ስለ ጀውሃር አንስታ እንባዋ ሲመጣ አብሯት አዘነ፤ የእውነት ነው ያዘነው። "የልጅ ነገር እኮ ነው፤ ለልጅ ተሰስቶ የት ይደረሳል!" አላት።

ሌላ ምንም አላለም። በማግስቱ ሙሉካ ላሟን እየነዳች መጣች። ላሟን አስረክባ መስገጃውን በራሷ ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለሐጂ ትኩስ ወተት ይቀርብላቸው ጀመር። "ይሄ ከየት መጣ?" ሲሉ "ገበያ የተገኘች ላም ናት" ይላቸዋል ፈቱዲን። ይሄም እውነት ነው፤ ገበያ ነው የተገኘችው። ሐጂም ቢስሚላህ ብለው ይጠጣሉ።

ክረምት አልፎ በጋ ገባ። አንድ ቀን ሐጂ የከሰዓቱን የአሱር ሰላት ሰግደው ሲጨርሱ ሙሉካ መስገጃዋን ጠቅልላ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ከስታለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አባብጧል።

"አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር፤ እንዳይቆጡኝ።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ምን ያስቆጣኛል፤ ተቀመጪ ልጄ።"

አልተቀመጠችም። መስገጃውን ከሳቸው መስገጃ ጎን ዘረጋችው። "እርስዎ ግንባርዎን የሚያሳርፉት ከየቱ ጋ ነው?" አለቻቸው።

ሐጂ አልገባቸውም። "እንዴት ማለትሽ ነው?"

"እኔ መጀመሪያ ከመሃሉ ነበር የማሳርፈው፤ አልሆነልኝም። ከዚያ ወደ ዳር አደረግኩት። ገልብጬም ሰግጄበታለሁ። አንድ ጊዜ አጥቤው ነበር፤ አበላሸሁት ይሆን ብዬ ደግሞ ደነገጥኩ። ጀውሃር ወሬው የለም ሐጂ። መስገጃው የእርስዎ ነው፤ የእርስዎ ይሰማል፣ የኔ አይሰማም። እንግዲህ ወንጀሌ ምን ይሆን? እሱን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።"

ጀማዓ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሴትዮዋ ላሜን መልሱልኝ ብላ አልመጣችም። አታለላችሁኝ ብላ አልመጣችም። የራሷን ጥፋት ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ላሟ ከሄደች በኋላ የቀራት ነገር በአላህ ላይ ያላት ተስፋ ነበር፤ አሁን እሱም ከእጇ እየወጣ ነው።

ሐጂ ተስቢሓቸውን አስቀመጡ። "በዚህ መስገጃ ዱዓ ይሰማል ያለሽ ማነው?"

"ማንም አላለኝም።"

"ፈቱዲን ነው?"

"ኧረ በአላህ! እሱ እንዲህ የሚል ቃል አልወጣውም። የሰው ስም አላጠፋም።"

"ታዲያ ከየት አመጣሽው?"

ሙሉካ አሰበች። ፈለገች፣ ፈለገችና አጣችው። "እንጃ ሐጂ" አለች ግራ ተጋብታ። "ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይደለም እንዴ?"

ይሄን ጊዜ ከሱቁ ጓሮ ላም ጮኸች። ሙሉካ ሳታስበው ዘወር አለች፤ ድምፁን ታውቀዋለች። ሐጂም የሴትዮዋን ፊት አይተው የጠጡት ወተት የማን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቁ። "የገበያ ዕለት ነዪ። የጠየቅሽኝን ያኔ እመልስልሻለሁ" አሏት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ሲሉ የሚመልሱላትን አያውቁትም ነበር።

ፈቱዲንን ጠርተው ጠየቁት። ምንም አልደበቃቸውም፤ ያላትን ቃል በቃል ነገራቸው። "ወላሂ አልዋሸሁም አጎቴ። እስቲ የቱ ጋ ነው የዋሸሁት?" አላቸው። ሐጂ ቃሉን አንድ በአንድ እንደ ጨርቅ ወደ ብርሃን አወጡት። በመስገጃው ይሰግዳሉ፤ እውነት ነው። ሰው በዱዓዎ አይርሱኝ ይላቸዋል፤ እውነት ነው። ለልጅ አይሰሰትም፤ እሱም እውነት ነው። እንከን ፈልገው አጥተው የማያውቁ ሰው፣ መስገጃው ላይ አጡ፣ አሁን ደግሞ ነገሩ ላይ አጡ።

"እንጃ" አሉ። "አላገኘሁትም። ግን አለ።"

ጎህ ሲቀድ ሱብሒን ሰግደው ወደ ከተማዋ ቃዲ ቤት ሄዱ። ነገሩን ከስር ከመሠረቱ ነገሯቸው።

"መስገጃው እንከን ነበረው?" አሉ ቃዲው።

"የለውም።"

"ሻጩ ዋሽቷል?"

"አልዋሸም።"

"ሴትዮዋን ያስገደዳት አለ?"

"ወዳ ነው።"

"እንግዲያ ሽያጩ ሰሒሕ፣ የጸና ነው ሐጂ። ምን አስጨነቀዎት?"

"ሽያጩ ሰሒሕ ከሆነ ሴትዮዋ ምን ያስለቅሳታል?"

ቃዲው ደግ ሰው ነበሩ፤ ከበድ ያለ ጥያቄ ሲመጣባቸው አይቆጡም። "የጠየቁኝ ስለ ሽያጩ ነው፤ የመለስኩትም ስለ ሽያጩ ነው። ስለ እንባዋ የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ ብዬ አላስብም" አሏቸው።

ሐጂ ሲወጡ ከገቡበት ይበልጥ ዞሮባቸው ነበር። ውሸት የለም፤ ዋሾ የለም፤ የተታለለች ሴት ግን አለች። ሌባ ሳይገባ የተዘረፈ ቤት ማለት እኮ ነው! እንዲህ እያብሰለሰሉ ሲሄዱ አንድ መንገደኛ አስቆማቸውና "ሐጂ፣ በዱዓዎ አይርሱኝ" አላቸው። ቀና ብለው አዩት። ሰውዬው የሚያየው ዓይናቸውን አልነበረም። ነጩን ጥምጥም ነበር የሚያየው፤ ከጥምጥሙ ደግሞ ወደ ተስቢሓቸው ወረደ። ሐጂ እዚያው መንገዱ መሃል ቆመው ቀሩ። ሰውዬው "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ተደናግጦ ሄደ።

የገበያ ዕለት ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። ለፋፊው ይለፍፋል፣ ቴምሩ ይታደላል፣ ጓደኞቹ ደጃፉን ይዘው ይጫወታሉ። ሐጂ ግን ከቦታቸው የሉም። መስገጃቸው ባዶውን ተዘርግቷል። ፈቱዲን "የት ሄዱብኝ?" እያለ ሲቁነጠነጥ፣ ሐጂ ከጓሮ ላሟን በገመድ እየሳቡ በሰው መሃል ብቅ አሉ። ሙሉካ መስገጃዋን ታቅፋ ከዳር ቆማለች። ገመዱን እጇ ላይ አኖሩትና ወደ ሱቁ ተመለሱ።

አንድ ገዢ መስገጃ አንስቶ ዋጋ እየጠየቀ ነበር።

"ቆይ ልጄ" አሉት፤ "እንከኑን ሳልነካልህ አትገዛም።"

"እንከን የለውም ተብያለሁ እኮ ሐጂ።"

"አለው። እኔም ብዙ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።"

ሰዉ ቀርቦ ከበባቸው። ሐጂ እንከን አገኘሁ ካሉ አይሳሳቱም፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐጂ መስገጃውን መሬት ላይ ዘረጉት። ተንበርክከው መዳፋቸውን ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር አስኬዱት፤ የሰዉ ዓይን እጃቸውን ይከተላል። እጃቸው የትም አልቆመም። ከዚያ እጃቸውን አነሱና የገዛ ደረታቸው ላይ አሳረፉት።

"እንከኑ ይሄ ነው" አሉ።

ፈቱዲን ደነገጠ። "አጎቴ፣ ምን ነካዎት?"

"ዝም በል ልጄ፤ እየሸጥኩ ነው።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ስሙኝ። መስገጃው ጥሩ መስገጃ ነው። እናንተ ግን የምትገዙት ክሩን አይደለም፤ እኔን ነው። እኔ ደግሞ የሚሸጥ ነገር የለኝም። የሐጂ ዱዓ ይሰማል ትላላችሁ። ሐሊማት ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ፣ ያ ረቢ አብራላት እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩ። ታዩን ነበር፤ እጇን ይዤ በዚህ በኩል ነበር የማልፈው። ብርሃን ሳታይ ሞተች። የአላህ ውሳኔ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ዛሬም እለምነዋለሁ፤ እሱ የሚበጀኝን ያውቃል። ነገሩ በመስገጃ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ መቼ አጣው ነበር? ነጋዴው እኔ!"

ይህን ብለው ወደ ሙሉካ ሄዱ።

"ወንጀሌ ምንድነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በዚህ ነገር ወንጀል የለብሽም ልጄ። ግንባርሽን ያሳረፍሽበት ቦታ ሁሉ ልክ ነበር።"

"ከዳሩም?" አለች።

"ከዳሩም።"

"ገልብጬ የሰገድኩትስ?"

"እሱም። ከመስገጃው በፊት በቁርበትሽ ላይ ያደረግሽውም። ሁሉንም ሰምቶታል።"

ሙሉካ የላሟን ገመድ እንደጨበጠች ተንሰቀሰቀች። "እኔ እኮ የጠላኝ መስሎኝ ነበር" አለች። ማን እንደጠላት አልተናገረችም፤ የቆመው ሁሉ ግን ገባው። ሐጂም አብረዋት አለቀሱ። በሕዝብ ፊት ሲያለቅሱ ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም፤ በባለቤታቸው ቀብር እንኳ አላለቀሱም ነበር። "ዐውፍ በይኝ" አሏት። "ወተትሽን ጠጥቻለሁ፤ ተስፋሽንም አብሬ ልጠጣው ነበር።" እሷም ዐውፍ አለቻቸው፤ ላሟን እየነዳች ሄደች። መስገጃዋን እዚያው ተወችው።

ገበያው ሲበተን ፈቱዲን ባዶ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነበር። አኩርፏል። "አጎቴ፣ ይሄን ሁሉ ውርደት ምን አመጣው? ማናችንም እኮ አልዋሸንም" አላቸው። ሐጂ የደጁን መስገጃ ጠቅልለው ከሸቀጡ ጋር አኑረው፣ አሮጌዋን ቁርበት ከጓዳ አውጥተው አቧራዋን እያራገፉ ነበር። እጃቸውን ገቱና አዩት።

"አፌ አልዋሸም ልጄ፤ መቀመጤ ነው የዋሸው።"

እንግዲህ ይኸው ነው። ይቺን ቃል ከሰማኋት ጀምሮ ሰላም የለኝም። እኛ ውሸትን የምንፈልገው ምላስ ላይ ነው። ምላሱ ንጹህ ከሆነ እንለቀዋለን። ሐጂ ግን ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ያውም እየሰገዱ፣ አንዲትን ሴት ከላሟ ለዩዋት፤ ከጌታዋም ሊለዩዋት ነበር። ሱብሐነላህ! እውነት ከእውነት ጎን ሲቀመጥ መሃሉ ላይ ውሸት ይበቅላል፤ ያበቀለው ደግሞ ሰሚው ራሱ ነው። ማንን ትከሳለህ? እኔስ ብሆን ማንን ልክሰስ? እንጃ።

ዛሬ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ነጭ ጺም ያላቸው አባት የዘይት ጠርሙስ ይዘው ፈገግ ብለው አያለሁ። ስለ ዘይቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ሳያቸው ዘይቱ የሚጾም ይመስለኛል። "ለዛሬ ብቻ" ይባላል፤ በማግስቱ ባልፍም ያው ዛሬ ነው። "ብዙዎች የመረጡት" ይባላል፤ እነዚያ ብዙዎች እነማን እንደሆኑ ጠይቄ አላገኘሁም፤ የፈቱዲን ጓደኞች ሳይሆኑ አይቀሩም። "ለልጆችዎ የሚያስቡ ከሆነ" ይባላል። እንዴ! ሳሙናውን ካልገዛሁ ለልጆቼ አላስብም ማለት ነው? አላለኝም። ማንም እንዲህ አላለኝም። ታዲያ ሱቁ ደጅ ቆሜ ኪሴን የሚያስዳስሰኝ ምንድነው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትሉኝ ይሆናል። ሁሉን ሲጠረጥሩ መኖርም እኮ በሽታ ነው። ሰደቃ የሰጠህን ሁሉ ልትጠረጥር ነው? መንገድ ላይ የሚሰግደውን ሁሉ? እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃውን ከመዳሰሴ በፊት ከዕቃው ጎን የተቀመጠውን አይና "ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" እላለሁ። ከዚያ የሚቀረኝ ክሩ ነው፤ ክሩ ጥሩ ከሆነ እገዛለሁ። ለገዢው ይሄ ይበቃል። ለተቀማጩ ነው የሚከብደው። እኛ ጥምጥም የጠመጠምነው፣ ሰው ስማችንን ሰምቶ የሚያምነን፣ ፎቶአችን የሚፈለገው፣ የት ነው የተቀመጥነው? ከምን ጎን ነው ያስቀመጡን? መቼ ነው እጃችንን ደረታችን ላይ የምናሳርፈው? ፈቱዲን የአጎቱ ቃል ይግባው አይግባው አላውቅም። መስገጃውን መሸጡን አልተወም፤ ቴምሩን ግን ለሚገባ ሰው መስጠት ትቶ ለሚወጣ ሰው መስጠት ጀመረ አሉ፤ ለገዛውም ላልገዛውም።

ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር ከኋላ አንድ ሰው እጁን ያወጣና "ጀውሃርስ ተመለሰ?" ይለኛል። አላውቅም። ለኔ ያወራልኝ ሰውም አያውቅም። "አዎ፣ እናቱ ቁርበቷ ላይ ሱጁድ እንዳለች በሩ ተንኳኳ" ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ብሏችሁ ወደየቤታችሁ ትገቡ ነበር። ነገ ጠዋት ግን ገበያ ላይ ቁርበት ይወደዳል።